የእናቴ ቡፌ 45 ሺህ አያወጣም? (አዳማ)

የናዝሬት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሥራዬ ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት እንለቃለን። የምንገባበት ኮንዶሚኒየም ጠባብ ስለሆነ ዕቃ መቀነስ ግድ ሆነ። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ በሁለት ቀን ተሸጠው አለቁ። ብዙም አልተከራከርኩም፤ ያሉኝን ተቀበልኩ። የቀረው አንድ ቡፌ ነው።

የዋንዛ ነው። ባለ ሦስት በር፣ መሃሉ መስታወት፣ ከታች ሁለት መሳቢያ። እናቴ (ነፍሷን ይማርና) እዚሁ ከተማ አናጺ ቤት እየተመላለሰች በዕቁብ ብር ያሠራችው ነው። የአዳማ ንፋስና አቧራ ስንት ዓመት ተፈራርቆበት በሩ ዛሬም ግጥም ብሎ ይዘጋል።

45 ሺህ አልኩ። አምስት ሰው መጥቶ አየው። አንዱ 15፣ አንዱ 17፣ ከፍ ያለው 20 ሺህ። አንደኛው ጭራሽ በጣቱ አንኳኩቶ «ምስጥ አልገባበትም?» አለኝ። ላስወጣው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ማታ ለባለቤቴ በንዴት ሳወራት ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ይሄ ቡፌ የሌላ ሰው ቢሆን፣ በፍራንኮ በኩል ስናልፍ መንገድ ዳር ቆሞ ብታየው፣ ስንት ትገዛው ነበር?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። በሆዴ ግን «አሥራ አምስት» ነበር ያልኩት።

ታዲያ እኔው ራሴ በ15 የምገዛውን በ45 የምለው ምን ነክቶኝ ነው? ወይስ ገዢዎቹ ናቸው የማይገባቸው?

ኮሚሽን የለም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ ምንም አልነካህም። 45 ስትል 30 እያሰብክ ነው፣ እነሱም 15 ሲሉ 25 እያሰቡ ነው። አገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ገበያ ወጥቶ እውነተኛ ዋጋውን መጀመሪያ ላይ የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ? «የመጨረሻውን ንገረኝ» እስኪባል ድረስ ሁለቱም ይዋሻሉ። መሃል ላይ ትገናኛላችሁ።

የናዝሬት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እሱማ ባልከፋ። ግን እውነት ልንገርህ፣ አሁን አንድ ሰው 30 ሺህ ጥሬ ብር ጠረጴዛ ላይ ቢዘረግፍልኝ አልሰጠውም። ለድርድር የጠራሁት ቁጥር አይደለም፤ ሆዴ ነው እምቢ ያለው።

ሌሊት አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፣ ሥራዬ ሌላ ቢሆንም። «ድርድር ነው» ለሚለው ወንድም አንድ ሙከራ ላንሳ። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔች እና ሪቻርድ ቴለር በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው።

አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ። 44 ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱን እያለፉ ለ22ቱ የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት ኩባያ ሰጧቸው፤ ግቢው ውስጥ 6 ዶላር የሚሸጥ ነው። ኩባያ የደረሰው ሻጭ፣ ያልደረሰው ገዢ ሆነ። ልብ በሉ፣ ጭቅጭቅ የለም። እያንዳንዱ ሰው ቅጽ ላይ «በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ፣ በዚህ አልሸጥም» እያለ ይሞላል፤ የገበያው ዋጋ ከሁሉም ቅጽ ተሰልቶ ይወጣል። መዋሸት አይጠቅምም።

ኩባያው በአጋጣሚ ስለታደለ፣ ኩባያ የሚወዱት ግማሾቹ ባልደረሳቸው በኩል መሆን አለባቸው። ስለዚህ ወደ 11 ኩባያ እጅ ይቀይራል ተብሎ ይጠበቃል። አራት ጊዜ ተሞከረ፤ የተሸጠው 4፣ 1፣ 2፣ 2 ነበር። የሻጮቹ መካከለኛ ዋጋ 5.25 ዶላር፣ የገዢዎቹ ከ2.25 እስከ 2.75። እጥፍ ነው።

ያው ተማሪዎች ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓይነት ቅጽ፣ የገንዘብ ዋጋው አስቀድሞ የተነገራቸው ምልክት (በኋላ በገንዘብ የሚመነዘር ቶከን) ሲገበያዩ ግን 12፣ 11፣ 10 ተሸጦ ነበር። ማለት ቅጹ ገብቷቸዋል፣ ንግድም ያውቃሉ። ኩባያው ሲመጣ ነው የተቆለፉት።

የናዝሬት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡18

ኩባያውን ከመሸጣቸው በፊት ስንት ጊዜ ያዙት?

ሌሊት አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡21

ደቂቃዎች።

የናዝሬት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው 😅 45 ርካሽ ነው ማለት ነው።

ጡረተኛው ከወንጂ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ስኳር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ የዕቃ ዋጋ ነገር ይገባኛል ብዬ ነበር። ይሄ የኩባያው ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስነሳብኝ። አበው የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል»። የያዙትን መናቅ ነው እንጂ የሰው ባሕርይ፣ የያዙትን ማስወደድ ከየት መጣ? ወይ አበው ተሳስተዋል፣ ወይ የአሜሪካ ተማሪ እንደኛ አይደለም።

እሙ ሜሪ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አባቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ የልዋጭን ነገር አስታወሰኝ።

ልጅ ሆነን በሰፈራችን ልዋጭ የሚል ልጅ በሄደ ቁጥር እናቴ አሮጌ ልብስ ሰብስባ በፕላስቲክ ሳፋ ትለውጥ ነበር። አንድ ቀን የአባዬን ቡኒ ኮት ሰጠችው። አባዬ ኮቱን ለሰባት ዓመት አልለበሰውም፤ በር ጀርባ ተሰቅሎ ሸረሪት ድር ሠርቶበት ነበር። ማታ ሲሰማ ግን ቤቱ ተናወጠ! «የሠርጌ ኮት!» የሠርጉ ኮት እንዳልሆነ ደግሞ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይመሰክራል 😂 በማግስቱ ልጁን ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ዋለ። አላገኘውም። ሳፋዋ ግን እስከ ዛሬ አለች።

እና ኮቱ ለሰባት ዓመት መዳብ ነበር። ወርቅ የሆነው ከበሩ ሲወጣ ነው።

የናዝሬት ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

እሙ፣ አንጀቴን ነው ያገኘሽው። ይሄንን ካነበብኩ በኋላ የምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄጄ ቡፌው ፊት ቆምኩ። ንስሐ ልግባ፦

ግራው መሳቢያ ውስጥ ያለው ያለቀ ባትሪ፣ የመብራት ደረሰኝና ቁልፉ የጠፋ ጓንጉል ነው። መስታወቱ ጥግ ላይ ልጄ በእስክሪብቶ የሣለችው ፀሐይ አለ፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ማንም አልጠረገውም። ድመቷ ላዩ ላይ ነው የምትተኛው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቡፌውን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። ሰውየው መጥቶ በሩን ከፍቶ «አሥራ አምስት» ሲል ነው እናቴ ድንገት ኩሽና በር ላይ የቆመችው።

ስለዚህ ጡረተኛው አባታችን፣ አበው አልተሳሳቱም መሰለኝ። ወርቁ መዳብ የሚሆነው እጅ ውስጥ እስካለ ነው። አንድ ሰው «ስጠኝ» ሲል ደግሞ ወርቅ ይሆናል። አበው ገዢው ከመጣ በኋላ ያለውን አልነገሩንም እንጂ።

ሌሊት አንባቢ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ይሄ እኮ ከሙከራው ጋር ገጥሟል። እነ ካህነማን ካናዳ ውስጥ፣ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ቡድን ጨምረው ነበር። እነዚህ ኩባያ አልተሰጣቸውም፤ «ኩባያ ትወስዳላችሁ ወይስ ይሄንን ያህል ብር?» እየተባሉ በየዋጋው ያማርጣሉ። ስታስቡት የእነሱና የሻጩ ዕጣ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወይ ኩባያ ወይ ገንዘብ ይዘው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። ውጤቱ፦ ሻጮች 7.12 ዶላር፣ መራጮች (ሦስተኛው ቡድን) 3.12፣ ገዢዎች 2.87። መራጩ ከገዢው ጋር ነው የተሰለፈው። ችግሩ ገዢው ገንዘቡን መሰሰቱ አይደለም፤ ሻጩ መለየቱን መጥላቱ ነው።

የልዋጩም አለ። ኔች በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ለአንዱ ክፍል ኩባያ፣ ለሌላው ቸኮሌት ሰጠና «መለወጥ ትችላላችሁ» አለ። ኩባያ ከያዙት 89 በመቶው፣ ቸኮሌት ከያዙት 90 በመቶው አንለውጥም አሉ። በነጻ እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው ግን ግማሽ በግማሽ ነው የተከፈሉት፤ 56 በመቶ ኩባያ። ቴለር ለዚህ ጠባይ ስም ያወጣለት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ «የባለቤትነት ጫና» ብንለው ያስኬዳል። በ2017 ኖቤል ሲሸለም አንዱ ሥራው ይሄው ነበር።

አሮጌ ዕቃ ተራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

የቤቱ ሰዎች፣ እናንተ ኩባያ እያላችሁ የገዢውን ጎን ረሳችሁት። ሥራዬ ይሄው ነው፤ አሮጌ ዕቃ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ምናልባት ያንን 20 ሺህ ያለህ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ (አይደለሁም፣ አትፍራ)።

እኔ ቡፌህን ሳይ እናትህን አላይም፤ ይቅርታ። የማየው ይሄንን ነው። ከቤትህ አውጥቶ የሚጭን ጫኝ አውራጅ ቢያንስ አራት ሰው። ማመላለሻ። መስታወቱ መንገድ ላይ ከተሰበረ የኔ ዕዳ ነው። ሱቅ ሲደርስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ማጠፊያው ይቀየራል። ከዚያ ይቆማል። አንዳንዱ ሦስት ቀን፣ አንዳንዱ ስድስት ወር። የቆመባት ቦታ ኪራይ አላት። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሲያገቡ ባለ ስስ እግር የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ነው የሚፈልጉት፤ ዋንዛ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) አይለዩም። ዕድል ቀንቶኝ በ30 ብሸጠው ነው። እንግዲህ ከ30 ወደ ኋላ ቁጠር።

«ምስጥ» ብሎ የጠየቀህም አልሰደበህም። አንድ ጊዜ ከደህና ሰው ቤት አልጋ ገዛሁ። ሰውየው በእግዚአብሔር ስም ምሎልኛል። ሱቅ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ከእግሩ ሥር ዱቄት መፍሰስ ጀመረ። ምስጡ ከአልጋው አልፎ አጠገቡ ያለውን ቁም ሳጥን ጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እንጨት ምስጥ እንዳለበት አድርጌ ነው ዋጋ የምሰጠው።

የናዝሬት ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ታዲያ በሌላ ሰው ምስጥ እኔ ልቀጣ?

አሮጌ ዕቃ ተራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡33

አዎ።

ሌሊት አንባቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

😂 ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው በአንድ ቃል ተጠናቀቀ። ሻጩ የዕቃውን ነውር ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለመልካሙም ለብልሹውም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ የሚከፋው መልካም ዕቃ ያለው ነው፤ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያው ላይ ብልሹው ይበረክታል፣ ገዢው ይበልጥ ይፈራል። በ2001 ኖቤል ተሸልሞበታል። ከኩባያው የሚለየው ግን ኩባያው ምንም የተደበቀ ነገር የለውም፤ ሁሉም አይቶታል። የናዝሬት ልጅ ላይ ሁለቱም በሽታ ነው የወደቀበት።

የዓሣው ሰው (ሀዋሳ) | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ከሀዋሳ ነው። አሞራ ገደል ብትመጡ ይሄ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ጠዋት ሌላ ዋጋ፣ ፀሐይ ሲከር ሌላ ዋጋ። ዓሣ ላይ ፍቅር የለም። ሸሽጌ ላሳድር ብትል ነገ ድመትም አይበላልህም። ባለቡፌው የጎደለህ የሚሸት ዕቃ ነው።

የብር ነገር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁላችሁም ሻጩን በሽተኛ አደረጋችሁት። ብሩን ማን አየው? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዕቃ የያዘና ብር የያዘ ሰው እኩል አይደሉም። የናዝሬት ልጅ 20 ሺህ ተቀብሎ ዛሬ አናጺ ቤት ቢሄድ እንዲህ ያለ ቡፌ ያሠራለታል? አያሠራለትም። ዋንዛውስ ከየት ይመጣል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እንኳ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። ሻጩ የሚጠራው የመተኪያ ዋጋውን ነው። ይሄ ስሜት አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ኮሚሽን የለም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡22

የመተኪያ ዋጋ የሚሠራው የሚተካው ሰው ሲኖር ነው። ሰውየው እኮ ሌላ ቡፌ ሊገዛ አይደለም፤ ቤት ጠቦት ሊያስወግደው ነው። ፍሪጁንስ ያሉትን ተቀብሎ ለምን ሰጠ? ፍሪጅ ከቡፌ ይልቅ ዶላር አይነካውም? የብር ነገር፣ እዚህ ላይ አልያዝክም።

የብር ነገር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ፍሪጁ ላይ ያዝከኝ። ለመኪናና ለቤት ግን ቃሌን አላነሣም።

ጡረተኛው ከወንጂ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

አሮጌ ዕቃ ተራን አንድ ነገር ልጠይቅ። አንተ በየቀኑ የምትገዛ የምትሸጥ ሰው፣ ሱቅህ ያለውን ዕቃ ስትሸጥ ሆድህን አይቆርጥህም?

አሮጌ ዕቃ ተራ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

በፍጹም አባቴ። ሲገባ ጀምሮ የሚሄድ ዕቃ ነው። እንደ ሆቴል እንግዳ ይቁጠሩት። መጀመሪያ ዓመት ላይ ግን አንድ ግራሞፎን ገዝቼ ስምንት ወር ሳልሸጠው ቆይቻለሁ። ለመጣው ሁሉ ዋጋ እየሰቀልኩ አባረርኩት። አሁን እንደዚያ አላደርግም። ቤቴ ያለውን አሮጌ ሬዲዮ ግን… እሱን ተዉት።

ሌሊት አንባቢ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20

ጆን ሊስት የሚባል ኢኮኖሚስት በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይሄንኑ ነው። የስፖርት ካርድ የሚለዋወጡ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ሲሞክር፣ አዲሶቹ የያዙትን ሙጭጭ አሉ፤ ብዙ የነገዱት ግን ያለችግር ለወጡ። ልምድ ያላቅቃል።

ግን ከጎረቤታችን ከታንዛኒያ የመጣ ተቃራኒ አለ፣ እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ሐድዛ የሚባሉ አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ተመራማሪዎች ብስኩትና ላይተር እየሰጡ «ትለውጣላችሁ?» አሏቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከገበያ ርቀው ያሉት ግማሽ ያህሉ ለወጡ፣ ማለት የያዙት ነገር ምንም አላሰራቸውም። ቱሪስትና ንግድ የሚደርስባቸው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነው የለወጡት። ገበያው ነው ያስተማራቸው የሚመስለው! እንግዲህ ገበያ ያላቅቃል ወይስ ያጣብቃል?

ጡረተኛው ከወንጂ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

አዳኝ እኮ ያገኘውን ተካፍሎ ነው የሚበላው። «የኔ» የሚለው ነገር ትንሽ ነው። ገበያ መጀመሪያ «የኔ» ማለትን ያስተምራል፤ ነጋዴ ሆኖ የከረመ ደግሞ «የኔ» ማለትን ይረሳል። ግምጃ ቤት ስሠራ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች አንድ ቡሎን ሲወጣ ከደማቸው የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። ከዓመት በኋላ ወረቀቱ ከተፈረመ ማሽኑንም ይሰጡሃል። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፤ ምሁሩ ያርመኝ።

ሌሊት አንባቢ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡15

ለማረም አቅም የለኝም ጋሼ። እርስዎ ያሉት ሁለቱንም ጥናት ያስታርቃል፤ እኔ ማስታረቅ አልቻልኩም ነበር።

እሙ ሜሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

የናዝሬት ልጅ፣ ምሁራኑ ይቆዩና፣ ለምን ለነጋዴ ታሳያለህ? ነጋዴ የሚሸጥበትን ነው የሚያስበው። የሚጠቀምበት ሰው ፈልግ። አዲስ ቤት የሠራ፣ ቡና ቤት የሚከፍት፣ ሲኒና ብርጭቆ የሚደረድርበት የሌለው።

አሮጌ ዕቃ ተራ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡12

እንጀራዬን ልትዘጊ ነው እህቴ። ግን ልክ ናት።

የናዝሬት ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ይድረስ ለቤቱ ሰዎች፦ ተሸጧል።

እሙ እንዳለችው በሰፈር ልጆች በኩል አስወራሁ። መብራት ኃይል አካባቢ ባህላዊ ቡና ቤት የምትከፍት ሴት መጣች። እንደ ሌሎቹ በጣቷ አላንኳኳችም፤ በሩን ከፍታ መደርደሪያውን በስንዝር ለካች። «ስድስት ረከቦት ሙሉ ሲኒ ይይዛል» አለች ለራሷ። እዚያ ላይ ሆዴ ትንሽ ለቀቀ። መሳቢያዎቹን አውጥቼ እስከ ጀርባው አሳየኋት፣ ምስጥ እንደሌለ በባትሪ መብራት ፈተሸች።

«ስንት?» አለች። 45 ልል አፌን ከፍቼ 35 አልኩ። እሷ 22 አለች። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀን፣ መሃል ላይ ቡና ተፈላ። 27 ላይ ቆመች፤ ጫኝ አውራጁን ማን ይክፈል የሚለው ደግሞ ሌላ ጦርነት ሆነ። እሷ ከፈለች። ኮሚሽን የለም፣ «መሃል ትገናኛላችሁ» ያልከው ተሳክቶልሃል፤ ግን ከ15 እና ከ45 መሃል 30 ነው፣ ሦስት ሺህ ዕዳ አለብህ።

ልጄ የሣለቻት ፀሐይ አብራ ሄደች። ሴትየዋ «አልጠርጋትም» ብላለች፤ እናያለን።

ያች «ስንት ትገዛው ነበር?» ብላ ያፋጠጠችኝ ባለቤቴ ደግሞ መኪናው ማዞሪያውን ሳይጨርስ ምን አለች? «30 ማለት ነበረብህ።»

ኮሚሽን የለም | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሦስቱን ሺህ ቡፌው ያለበት ቡና ቤት እንገናኝና በቡና እከፍልሃለሁ። ለመሆኑ በለጠፍከው ፎቶ ላይ ከቡፌው ሥር የሚታየው ምንጣፍስ? ይሸጣል?

የናዝሬት ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡06

እሱ አይሸጥም።